ኬዙን እዩ፣ ከዚያ ዕቃውን ግዙ

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ወሬያችን ስለ አንድ ትንሽ እብደት ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው የኮምፒውተር ኬዝ ትወስዳላችሁ። ነጣ ያለው ፕላስቲክ ቢጫ ሆኗል። ፊቱ ላይ የፍሎፒ ቀዳዳ አለ፣ «ቱርቦ» የሚል መጫኛ አለ፣ ምናልባትም በቁልፍ የሚዞር መቆለፊያ አለ። ውስጡን አውጥታችሁ የዛሬ ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ)፣ የዛሬ ፕሮሰሰርና የዛሬ ግራፊክስ ካርድ ትከቱበታላችሁ። ከውጭ ላየው ሰው የቢሮ ደብዳቤ መጻፊያ ነው። ሲበራ ግን አዲስ የወጣ ጌም ሳይንተባተብ ያስኬዳል። በነገሩ የተለከፉት «ስሊፐር» ይሉታል።

«ለምን?» ብሎ ለሚጠይቅ አጥጋቢ መልስ የለኝም። አዲስ ኬዝ ይቀላል፣ አየርም በደንብ ያስገባል። የድሮውን የሚወድ ይወደዋል፤ አለቀ። እኔ የመጣሁት ስለ «እንዴት» ላወራ ነው። ስለ «እንዴት» ደግሞ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ።

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከዕቃው ነው። መጀመሪያ የሚመኘውን ትልቁን ካርድ ይገዛል። ከዚያ ትልቁን ማቀዝቀዣ ይጨምራል። በመጨረሻ ኬዙን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ የት የት ልቁረጥ ይላል። ቆርጦ ቆርጦ ሲጨርስ የሚተርፈው የድሮ ኬዝ አይደለም፤ ቀዳዳ የበዛበት ላሜራ ነው። እኔ የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ኬዙን መጀመሪያ ለኩ። ምን ያህል ካርድ፣ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል እሱ ይንገራችሁ። ገበያ የምትወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የያዛችሁት ኬዝ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ለማወቅ ጀርባውን አዙሩት። ለኪቦርድ ክብ ቀዳዳ ብቻ ካለው የኤቲ፣ ማለትም የቀደመው ልኬት ዘመን ነው። ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ክፍተት ካለው ኤቲኤክስ ነው።

ኤቲኤክስ እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል ያወጣው ልኬት ነው። የሚገርመው፣ እስከ ዛሬ አለ። የሙሉ ማዘርቦርድ መጠን 305 በ244 ሚሊሜትር፣ ያኔም ይኸው ነበር፣ ዛሬም ይኸው ነው። የኋላው ክፍተት 158.75 በ44.45 ሚሊሜትር ነው። የፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የኃይል ሰጪው ሳጥን፣ ጀርባ 150 በ86። እነዚህ ንቅንቅ አላሉም። በየዓመቱ ሁሉ ነገር በሚለዋወጥበት የኮምፒውተር ዓለም ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ተራ የኤቲኤክስ ታወር ካገኛችሁ ማዘርቦርዱ አንዲት ላሜራ ሳይቆረጥ ይገባል። የሚቀራችሁ የአየር፣ የካርድና የማቀዝቀዣ ጣጣ ነው።

ኤቲ ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን የተለመደው ማዘርቦርድ ቤቢ ኤቲ ይባል ነበር፤ 216 በ330 ሚሊሜትር፣ ጠበብ ብሎ ረዘም ያለ። ከኪቦርዱ በቀር ሌሎቹ ሶኬቶች የሚወጡት በካርድ ወይም በጠፍጣፋ ገመድ ስለነበር ኬዙ ለእነሱ ቦታ አላዘጋጀም። ደግነቱ አንድ ነገር አልተለወጠም። ከአንዱ የካርድ ማስገቢያ እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት ያኔም 20.32 ሚሊሜትር ነበር፣ አሁንም ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከዚህ ሕግ የሚወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 የተሸጠው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ነው። አምስት ማስገቢያ ብቻ አለው፣ ርቀታቸውም 25.4 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ማስገቢያ የሚይዝ የዛሬ ካርድ አይገጥመውም። እጃችሁ ከገባ ግን ችግሩ የርቀቱ አይደለም። እንዲህ ያለውን ኬዝ መቁረጥ ነውር ነው። ጠግናችሁ አስነሱት፣ ወይም ለሚጠግነው ስጡት። በጠቅላላው ውስጡ የተሟላና የሚሠራ ኬዝ አይቆረጥም የሚል እምነት አለኝ። ውስጡ ቀድሞ የተዘረፈ፣ ጎኑ የተጨማደደ፣ ጀርባው የዛገ ሞልቷል። መቁረጫው ለእነሱ ይሁን።

ሦስተኛው ዓይነት ትልልቅ ኩባንያዎች ለራሳቸው ማሽን ብቻ ያበጁት ኬዝ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ። አንዳንዶቹ ከውጭ ኤቲኤክስ ይመስላሉ፤ ሲከፈቱ ግን የብሎን ቀዳዳቸው ሌላ፣ የፓወር ሰፕላያቸው ቅርጽ ሌላ፣ የፊት ገመዳቸው በአንድ ልዩ ሶኬት የታሰረ ይሆናል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የሞከረው ቢቲኤክስ የሚባል ልኬት ደግሞ ግራና ቀኙን ገልብጦታል። ማዘርቦርዱ የሚታሰረው ከለመድነው በተቃራኒው ጎን ነው። ልኬቱ ቶሎ ሞተ፤ ኬዞቹ ግን ዛሬም እዚህም እዚያም አሉ። ጎኑን ሳትከፍቱ አትግዙ።

አሁን ወደ መቁረጡ እንምጣ። አንዲት መመሪያ አለችኝ፤ የማይታየውን ቁረጡ። ከፊት ፕላስቲኩ ጀርባ ያለው ላሜራ አይታይም። የታችኛው ወለል አይታይም። የሃርድ ዲስክ መደርደሪያው አይታይም። ጀርባውም ቢሆን ግድግዳ ነው የሚያየው። እነዚህን እንደልባችሁ። ፊቱ፣ ጎኖቹና ጣሪያው ግን እንደነበሩ ይቆዩ። ጎኑን ቀዶ መስታወት የሚገጥም ሰው አለ። እጁን አልይዘውም፤ ግን የድሮ ኬዝ ለምን እንዳስፈለገው አይገባኝም።

ለኤቲ ኬዝ ትልቁ ሥራ ማዘርቦርዱ የሚያርፍበትን ትክክለኛ ቦታ ማግኘት ነው። ሰዎች ሜትርና እርሳስ ይዘው ይጀምራሉ። እኔ የምመክረው የሞተ ማዘርቦርድና የሞተ ግራፊክስ ካርድ ነው። ማዘርቦርዱ ኤቲኤክስ ወይም ማይክሮ ኤቲኤክስ ይሁን እንጂ ምንነቱ ለውጥ የለውም። ካርዱን በላይኛው ረዥም ማስገቢያ ሰኩት። ሁለቱን አንድ ላይ ይዛችሁ ወደ ኬዙ አስገቡ። በካርዱ ጫፍ ላይ ያለችው የብረት ሳህን ምላሷ በኬዙ ጀርባ ባለው ጠባብ ክፍተት ትገባለች፣ ጉንጯ በብሎን ትታሰራለች። እሰሩት። አሁን 20.32 የምትለዋ ቁጥር ሥራዋን ትሠራለች። ካርዱ የኬዙን ክፍተት ይዟል፣ ማዘርቦርዱ ካርዱን ይዟል። ሌላ ካርድ ራቅ ባለ ማስገቢያ ላይ ብትጨምሩ ደግሞ መዛነፍ የሚባል ነገር አይኖርም። ማዘርቦርዱ ሊያርፍ በሚገባው ቦታ አየር ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ከዚያ በብሎን ቀዳዳዎቹ በኩል ቀጭን ማርከር አስገብታችሁ ከሥር ያለውን ላሜራ ነጥቡ። በማዘርቦርዱና በላሜራው መካከል ያለውንም ክፍተት ለኩ። ማዘርቦርድ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ የናስ እግሮች ቁመታቸው ብዙ ጊዜ 6 ሚሊሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ክፍተቱ ከዚያ ከሰፋ ረዘም ያለ እግር ትፈልጋላችሁ። እግር በመቀያየር ከፍታው ይስተካከላል፤ ማዘርቦርዱን በብሎን ጎትቶ ማጎንበስ ግን ክልክል ነው። የተጎነበሰ ማዘርቦርድ ዛሬ ይነሳል፣ ከወራት በኋላ በማይገባችሁ ምክንያት መጥፋት ይጀምራል።

የሞተው ማዘርቦርድ በቦታው እንዳለ የኋላ ሶኬቶቹ ጀርባው ላይ የት እንደሚወድቁ ምልክት አድርጉ። 158.75 በ44.45 የምትለዋን አራት ማዕዘን የምትስሉት እዚያ ላይ ነው። ማዕዘኖቹን በትራፓኖ ብሱ፣ መካከሉን በቀጭን መጋዝ ወይም በትንሽ ዲስክ መቁረጫ አገናኙ። የመጨረሻዋን ሚሊሜትር ለሞረድ ተዉላት። ለዚህ ሥራ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ይሠራል፣ ችግሩ ላሜራ ከተቆረጠ በኋላ አይለቀምም።

ሌላም መንገድ አለ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ማንም የማይፈልገው ተራ የኤቲኤክስ ኬዝ ፈልጉ። የማዘርቦርዱን ማረፊያና የኋላውን ግድግዳ ሳትለያዩ አንድ ላይ አውጡ። ብዙ ጊዜ የተያያዙት በሪቬት ነው። የሪቬቱን ራስ ትንሽ ወፈር ባለ ፑንታ ብትበሱት ይወድቃል። ይህንን ሙሉ ቁራጭ ወደ ድሮው ኬዝ ታዛውሩታላችሁ። የብሎን ቀዳዳው፣ የሶኬቱ ክፍተት፣ የካርዶቹ መስመር ሁሉ ፋብሪካ እንዳስተካከለው ይመጣል። የናንተ ሥራ ዙሪያውን መቁረጥና ማሰር ብቻ ነው። ግን ወዲያው ሪቬት አትምቱ። መጀመሪያ በትንንሽ ብሎንና ዳዶ እሰሩት፣ ማዘርቦርድና ካርድ አስገብታችሁ ሞክሩት፣ ክዳኑን ዝጉት። ሁሉም ከገጠመ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታችሁ በሪቬት ተኩ። ሁሉንም አንድ ላይ ከፈታችሁት ቁራጩ ይንሸራተታል፣ ልፋታችሁም ሜዳ ላይ ይቀራል።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር አትርሱ። በድሮ ኬዞች የማዘርቦርድ ማረፊያ ላይ ከፕሮሰሰሩ ጀርባ የሚሆነው ቦታ ድፍን ነው። የዛሬ ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጀርባ የሚታሰር ሳህን አለው። ላሜራው ውጭ እያለ ሰፊ ቀዳዳ ብታወጡለት፣ ወደፊት ማቀዝቀዣ በቀየራችሁ ቁጥር ማዘርቦርድ አትፈቱም።

ስትቆርጡ ኬዙ ባዶ ይሁን። ባዶ ስል ባዶ ነው፤ «ፓወር ሰፕላዩ ራቅ ብሏል» አይሠራም። የብረት ብናኝ የማይገባበት ቀዳዳ የለም፣ አንዲት ቅንጣት በሁለት እግሮች መካከል ከገባች ማዘርቦርዱ አለቀለት። መነጽርና ጓንት አድርጉ። የኬዝ ላሜራ አብዛኛው ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ዲስክ ሲያግለው የሚወጣው ጭስ ለሳንባ አይሆንም፤ አየር ባለበት ቦታ ሥሩ። ሲያልቅ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ፣ በማግኔት ሰብስቡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ። ስለ ቁረጣ ይህ ይበቃል።

አሁን የምናገረውን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙኝ፤ ይህኛው በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። የኤቲ ኬዝ ማብሪያ ከዛሬው ጋር በመልክ ይመሳሰላል እንጂ በሥራ አይገናኝም። በድሮው፣ ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት በወፍራም ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ ተነስቶ ፊት ለፊት እስካለው ስዊች ድረስ ይሄዳል። ስዊቹን ስትጫኑ የምትቆርጡትና የምትቀጥሉት የግድግዳውን መብራት ነው። በዛሬው ግን ስዊቹ ለማዘርቦርዱ ምልክት ብቻ ይሰጣል፤ በሽቦው የሚሄደው ከ5 ቮልት አይበልጥም። ስለዚህ የድሮው ፓወር ሰፕላይ ከነወፍራም ገመዱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ከዚያ ገመድ ላይ ቆርጦ መቀጠል፣ ወደ ማዘርቦርድ ማምጣት የሚባል ነገር የለም።

«ፓወር ሰፕላዩስ ራሱ አይሠራም ወይ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። አይሠራም። የያኔው ማሽን ብዙውን ኃይል የሚወስደው ከ5 ቮልት መስመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የኢንቴሉ ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰር ሲመጣ የፕሮሰሰሩ ምግብ ወደ 12 ቮልት ዞረ፤ ለብቻው ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት የተጨመረውም ያኔ ነው። የድሮው ሳጥን ለዛሬ ዕቃ በቂ 12 ቮልት የለውም። የውስጥ ካፓሲተሮቹም (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚዎቹ) አርጅተዋል። አንዳንዱ ሰው ሳጥኑን ብቻ ለውበት ፈልጎ ሆዱን ያወጣል። ካፓሲተር ከግድግዳ ተነቅሎም ቢሆን ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሙያችሁ ካልሆነ አትክፈቱት።

ስዊቹን ራሱን ግን ማዳን ይቻላል፣ ማዳንም አለበት። ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ነው ግማሹ ደስታ። ችግሩ አንዴ ሲጫኑት ተጭኖ ይቀራል። የዛሬ ማዘርቦርድ የሚፈልገው ተነክቶ የሚለቀቅ ነው። ተጭኖ ከቀረ ማሽኑ ይነሳል፣ አራት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ድርግም ይላል። ማዘርቦርዱ በግድ እያጠፋችሁት መስሎት ነው። መፍትሔው ውስጡ ነው። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ስዊቾች ከጎናቸው ላይ ስቴፕለር ሽቦ የምታህል የታጠፈች ቀጭን ሽቦ አለቻቸው። ስዊቹን ስትጫኑ የሽቦዋ ጫፍ በፕላስቲኩ ላይ በተቀረጸች ትንሽ መንገድ ተጉዛ ጎድጓዳ ውስጥ ትወድቃለች፤ የምታስቀረው እሷ ናት። በወረንጦ ሳቡና አውጧት። ስዊቹ አሁን ይጫናል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ቴስተር በድምፅ ላይ አድርጉና እግሮቹን ሞክሩ፤ ስትጫኑ ብቻ የሚጮኸውን ጥንድ ያዙ። ሁለት ቀጭን ሽቦ በስታኞ በይዱበት። ጨረሳችሁ።

ሌላዋ ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር የመሬት መስመር ናት። ኬዙን ቀለም ከቀባችሁት ፓወር ሰፕላዩ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን ፋቁት፤ ብረት ከብረት መገናኘት አለበት። ከግድግዳ ነቅላችሁ በፓወር ሰፕላዩ ሶኬት የመሬት እግርና በኬዙ በጣም ሩቅ ማዕዘን መካከል በቴስተር ለኩ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ኦም ማንበብ አለበት። ካላነበበ በአንድ ቦታ ቀለም ወይም ዝገት ከልክሎታል።

እሺ፣ ወደ ሙቀት። እንቅፋቱ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የመጀመሪያው ፔንቲየም 15 ዋት ገደማ ነበር የሚበላው፤ ያኔም «ይህ ምን የሚሉት እሳት ነው» ተብሎለታል። የኢንቴል ኮር አይ9-13900ኬ ሲከንፍ እስከ 253 ዋት ይወስዳል። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ካርድ 450 ዋት። ሁለቱ ሲደመሩ ከ700 ዋት በላይ ነው፤ የክፍል ማሞቂያ በዝቅተኛው ቁጥር ሲበራ የሚሰጠውን ያህል። ያንን ኬዝ የሠራው መሐንዲስ ደግሞ የነበረው አንድ 80 ሚሊሜትር ፋን ነው፣ እሱም ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ።

ኬዙ ይምረጥ ያልኩት ለዚህ ነው። ስለ ካርዱ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ሁሉም የሚፈራው ርዝመቱን ነው። የድሮ ሙሉ ልክ የፒሲአይ ካርድ ግን 312 ሚሊሜትር ነበር፣ አርቲኤክስ 4090 በኤንቪዲያ በራሱ ዲዛይን 304 ነው። ያ ዘመን ረዥም ካርድ ያውቅ ነበር፤ መንገዱን የሚዘጋው የሃርድ ዲስክ መደርደሪያ ብቻ ከሆነ እሱን ማንሳት ነው። አደጋው ቁመቱና ውፍረቱ ላይ ነው። የድሮው ካርድ ቁመት 107 ሚሊሜትር ነበር። የዛሬው 137። በዚያ ላይ የኃይል ገመዱ ከጎኑ ይወጣል፤ አዲሱ ባለ ብዙ እግር ሶኬት ከሥሩ ሳይታጠፍ 35 ሚሊሜትር ያህል ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ይመከራል። 137 ሲደመር 35፣ 172 ሚሊሜትር። ስፋቱ 18 ሳንቲሜትር በሆነ ታወር ላይ ማዘርቦርዱ የያዘውን ቦታ ስትቀንሱ ክዳኑ አይዘጋም። ሦስት ማስገቢያ የሚሸፍነው ውፍረት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው።

እንግዲህ የኔ ምርጫ ይህ ነው። ባለ 65 ዋት ፕሮሰሰር፤ ራይዘን 5 7600ን የመሰለ። ሁለት ማስገቢያ የሚይዝ አጭር ካርድ፤ አርቲኤክስ 4060 ለምሳሌ 115 ዋት ነው። ድምሩ ከ200 ዋት በታች። ይህንን የድሮ ኬዝ በትንሽ እርዳታ ይችለዋል። ማሽኑም ቀላል አይደለም፣ ከስንት አንዱ ነው በእውነት ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው። ማዘርቦርዱ ማይክሮ ኤቲኤክስ ቢሆን ይመቻል፣ 244 በ244 ሚሊሜትር። ቦታ እጅግ ከጠበበ ቪያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያመጣው ሚኒ አይቲኤክስ አለ፤ 170 በ170፣ አራት ብሎን ብቻ። ማቀዝቀዣ ስትመርጡ ቁመቱን ከክዳኑ ጋር ብቻ አታወዳድሩ። በብዙ አጫጭር ታወሮች ፓወር ሰፕላዩ በማዘርቦርዱ ላይ ተደርቦ ነው የሚቀመጥ። እዚያ ከ4 ሳንቲሜትር በታች የሆነ ማቀዝቀዣ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። አለላችሁ፤ የኖክቱዋ ኤንኤች-ኤል9 37 ሚሊሜትር ነው። ወይም ደግሞ ትንሹን ኤስኤፍኤክስ ፓወር ሰፕላይ በመሸጋገሪያ ሳህን ግጠሙና ቦታ አትርፉ።

አየሩስ ከየት ይገባል? የድሮ ታወር ብዙ ጊዜ የሚተነፍሰው ከፊት ፕላስቲኩ ሥር ባለች ስንጥቅ ነው። ፕላስቲኩን አንሱና ከኋላው ያለውን ላሜራ እዩት። ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበስተውበታል፣ ለስሙ። ያንን ቁረጡት። ለ120 ሚሊሜትር ፋን ክብ አውጡ፤ የብሎኖቹ ርቀት 105 ሚሊሜትር ነው። ፕላስቲኩ ሲመለስ ማንም አያውቅም። ቦታው 80 ፋን ብቻ የሚችል ከሆነ የብሎኖቹ ርቀት 71.5 ነው፤ ግን የ120 ፋን ስፋት ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ቀስ ብሎ እየዞረ ያንኑ አየር ያመጣል፣ ጩኸቱም ይቀንሳል። ከኋላም የተበሳሳውን ወንፊት ቆርጣችሁ በሽቦ መከላከያ ተኩት።

ሌላ የምወዳት ዘዴ አለች። የሲዲ ማስገቢያ አንዱ ቁመት 41.3 ሚሊሜትር ነው። ሦስቱ ሲደራረቡ 124 ይሆናል። ለ120 ፋን የተሰፋ ይመስላል! ፋኑን ከኋላቸው አስቀምጡ። ክዳኖቹ ድፍን ከሆኑ አየር ስለማይገባ ሁለቱን ከውስጥ በኩል ቀዳችሁ በኬዙ ቀለም የተቀባ ወንፊት ለጥፉባቸው፣ በላይኛው ላይ የድሮ ሲዲ ማጫወቻ ፊት ይቀመጥ። ከሁለት እርምጃ በኋላ አይለይም።

ፊቱ ላይ ያሉትን ጌጦች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው፤ ሰዓታችን እየሄደ ነው። ያች በቀይ ወይም በአረንጓዴ ቁጥር «66» የምታሳየው መስኮት ፍጥነት ለክታ አታውቅም። ከኋላዋ ባሉ ጃምፐሮች (ትንንሽ መሰኪያዎች) የተሞላ ቁጥር ነው የምታሳየው። 5 ቮልት ስጧትና የፈለጋችሁትን ጻፉባት። አርዱዊኖ የምትባለውን ፕሮግራም የሚጻፍባት ትንሽ ሰሌዳ የሚያውቅ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ሊያሳይባት ይችላል። ቱርቦ መጫኛውም እንዲሁ አስመሳይ ነው፤ ሥራው ለድሮ ጌሞች ሲባል ማሽኑን ማዘግየት ነበር። ለፋኖቹ ዝግታና ፍጥነት ብታውሉት ቢያንስ ስሙን ያክላል። መቆለፊያው ደግሞ ተራ ስዊች ነው። ከማብሪያው ሽቦ አንዱን በእሱ በኩል አሳልፉት፤ ያለ ቁልፍ ማሽኑ አይነሳም። ዩኤስቢ ከፈለጋችሁ በፍሎፒ ቦታ የሚገባ ፓነል አለ።

ቢጫውን ፕላስቲክ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና በፀሐይ ማንጣት ይቻላል። ጊዜ ቆይቶ ግን ቢጫው ሊመለስ ይችላል፣ ያረጀ ፕላስቲክም ተሰባሪ ነው። እኔ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጥቤ እተወዋለሁ። ቢጫው ይመቸኛል።

ሁሉም ገብቶ ማሽኑ ሲነሳ አትቸኩሉ። ጎኑን ክፍት አድርጋችሁ ፕሮሰሰሩንና ካርዱን አንድ ላይ የሚያስጨንቅ ፕሮግራም ለግማሽ ሰዓት አስኪዱ። ሙቀቱን ጻፉ። ከዚያ ክዳኑን ግጠሙና ያንኑ ድገሙት። ልዩነቱ ሦስት አራት ዲግሪ ከሆነ ኬዙ ይተነፍሳል። ከአሥር ዲግሪ ካለፈ የሚገባው አየር አንሷል ማለት ነው፤ ተጨማሪ ፋን ከመግዛታችሁ በፊት የፊት ፕላስቲኩን ብቻ አንስታችሁ ለሦስተኛ ጊዜ ሞክሩ። ያኔ ሙቀቱ ከወረደ የጠበበችው ያች ከሥር ያለችው ስንጥቅ ናት፤ የኬዙን እግሮች አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉና እንደገና ለኩ። ካልወረደ ግን የሞቀው አየር መውጫ አጥቷል፣ ወደ ኋላው ግድግዳ ተመለሱ።

ጥያቄ ካለ እነሆኝ።